ቴሌቪዥኑ ይቆይ፣ ፍሬኑ ይቅደም!

በዚህ ዓምድ የሚደርሰኝ ደብዳቤ አብዛኛው የፍቅር ነው። “ጥሎኝ ሄደ”፣ “ከዳችኝ”፣ “እናቱ አልወደዱኝም”... የዛሬው ግን ለየት ይላል። የመጣው ከአሜሪካ፣ ከዴንቨር ከተማ ነው። ጠያቂያችን ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት። አሳጥሬ ላቅርበው፦

“ባለቤቴ መልካም ሰው ነው። አይጠጣም፣ አያመሽም። አገር ቤት እያለ ስምንት ዓመት በጎጃም መስመር ተሳቢ ነድቷል። ባለፈው ዓመት ያገለገለ ትሬለር ገዛን። የጭነት አይደለም፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ ውስጡ ያለ፣ በፒክአፕ የሚጎተት የመዝናኛ ቤት ነው። ለማደሻ 4 ሺህ ዶላር አጠራቅመናል። እሱ በገንዘቡ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ከጎን የሚዘረጋ ጥላና ሶላር እንግጠምበት ይላል። ያየው መካኒክ ግን ‘የሁለቱ ጎማዎች ፍሬን አልቋል፣ ሸራውንም ቅባት ነክቶታል’ ብሎናል። በሰመር ተራራውን አቋርጠን፣ ልጆቹን ይዘን ወደ ዩታ ልንሄድ ነው። ‘ፍሬኑ ይሠራ’ ስለው ‘አባይ በረሃን ስንቴ የወረድኩትን ሰው ስለ ፍሬን ልታስተምሪኝ ነው?’ ብሎ ይቆጣል። አሁን እቤታችን ውስጥ ስለ ትሬለሩ ማውራት ራሱ ቀርቷል። ምን ዓይነት ፍሬን ይሻላል? እሱንስ ሳላስቀይመው እንዴት ልንገረው?”

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ፈገግ ብዬ ነበር። ሁለተኛውን ግን አልሳቅኩም። ምክንያቱም እኔም ከዓመታት በፊት እዚያው አገር ስኖር፣ የጓደኛዬን ትሬለር ተውሼ ቁልቁለት ወርጄበታለሁ። ፍሬን ስረግጥ መኪናዬ ያዘች፤ ከኋላዬ ያለው ቤት ግን አልያዘም። ይገፋኝ ጀመር! ሰው ጀርባህ ላይ እጁን አድርጎ ቁልቁል ሲገፋህ እንደሚሰማህ ነው። ቆይቶ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መጣ። የመኪናዬ ሸራ ነበር፤ የሁለቱን ሸክም ብቻዋን ይዛ። እግዜር ሲያተርፈኝ ከታች ያለው መንገድ ሜዳ ሆነ። ቆሜ ባየው ጥፋቱ የራሴው ነው። ትሬለሩን ከመኪናው የሚያገናኘው ሶኬት ለመብራት ሌላ፣ ለፍሬን ሌላ ጥርስ አለው። የፍሬኑ ጥርስ ዝጎ ኖሯል። እኔ ስነሳ መብራቱ መብራቱን ብቻ አይቼ “ደህና ነው” ብዬ ወጣሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ “አውቃለሁ” የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያቺ ሽታ ትመጣብኛለች።

ባለቤትሽ የሚያውቀውና የማያውቀው

ባለቤትሽ ሾፌር ነው፤ ሙያውን አከብራለሁ። አባይ በረሃን፣ ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለውን ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ተሳቢ አስከትሎ መውረድ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን እሱ የለመደው ፍሬንና አሁን የገዛው ፍሬን ስማቸው እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም።

የጭነት ተሳቢ ፍሬን የአየር ነው። የተሳቢው ቱቦ ቢበጠስ ወይም አየሩ ቢያልቅ ፍሬኑ ራሱን በራሱ ይይዛል። ተሳቢው ባለበት ይቸነከራል። በአሜሪካ የመዝናኛ ትሬለር ላይ በብዛት የምታገኚው ግን የኤሌክትሪክ ፍሬን ነው። በየታምቡሮው ውስጥ አንድ ማግኔት አለ። ከመኪናው 12 ቮልት ሲላክለት በሚሽከረከረው ታምቡሮ ላይ ይጣበቅና አንድ ክንድ ይጎትታል። ክንዱም ሸራውን ገፍቶ ከታምቡሮው ጋር ያፋትገዋል። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠስ? ፍሬን የለም! ሽቦ ቢላላ፣ ሶኬት ቢዝግ፣ ማግኔት ቢያልቅ ምንም ድምፅ ሳይሰማ ፍሬኑ ይጠፋል። የድሮው ተሳቢ ሲበላሽ ይቆማል፣ ይኼኛው ሲበላሽ ይሄዳል። ለባለቤትሽ ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምታነቢለት ከሆነ ይኼን አንብቢለት። ሾፌር ስለሆነ ወዲያው ይገባዋል።

የምትሄዱበትን መንገድም አውቀዋለሁ። ከዴንቨር በሀይዌይ 70 ወደ ምዕራብ ስትሄጂ በ1973 የተከፈተውን የአይዘንሃወርን ዋሻ ታገኛላችሁ። ዋሻው 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እንጦጦ ከሱ ሲወዳደር ዝቅ ያለ ነው። ከዋሻው እስከ ሲልቨርቶርን ከተማ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ከመንገዱ ዳር ፍሬን ላጣ ከባድ መኪና ተብለው የተሠሩ፣ ወደ ላይ የሚያወጡ ማምለጫዎች አሉ። መንግሥት ያን ሁሉ ወጪ ያወጣው ለጌጥ አይደለም።

ሒሳቡም እነሆ። ትሬለርሽ ላይ የተለጠፈው ትልቁ የተፈቀደ ክብደት፣ ለምሳሌ፣ 6,000 ፓውንድ ቢሆን 2,700 ኪሎ ያህል ነው። “ባዶውን ቀላል ነው” አትበሉ። 150 ሊትር ውኃ ስትሞሉ 150 ኪሎ ጨመራችሁ። ጋዙ፣ ልብሱ፣ ምግቡ፣ የልጆቹ ብስክሌት ሲታከል ቶሎ ይሞላል። ፍጥነት ደግሞ ከክብደት ይብሳል። ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ስትጨምሩ ፍሬኑ ማብረድ ያለበት ጉልበት በ20 ሳይሆን በ56 በመቶ ይጨምራል። ለዚህም ነው በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከ3,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ትሬለር የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕግ የሚያስገድደው። ካሊፎርኒያ ከ1,500 ጀምራ ታስገድዳለች። አውሮፓ ያላችሁ አንባብያን ደግሞ ድንበራችሁ 750 ኪሎ ነው። የእናንተ አገር ካራቫን ፍሬን በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ሳይሆን ተጎታቹ መኪናውን ሲገፋ በሚፈጠረው ግፊት የሚሠራ ስለሆነ የዛሬው ምክር በሙሉ ለእናንተ አይሆንም።

የትኛው ፍሬን ይሻላል?

ምርጫው ሁለት ነው።

አንደኛው፣ ያለውን የታምቡሮ ፍሬን በአዲስ መለወጥ። እዚህ ላይ እንዳትሸወዱ! “ሸራውን ብቻ እንለውጥ፣ በቤንዚን አጥበን እንመልሰው” የሚላችሁን አትስሙ። ቅባት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም። ሸራው፣ ማግኔቱና ስፕሪንጉ ተገጣጥሞ ያለቀለት ሙሉ ዕቃ ይሸጣል። ዋጋው ዕቃውን በየተራ ከመግዛት ብዙም አይርቅም። በአራት ወይም በአምስት ብሎን ይታሰራል፣ ሁለት ሽቦ ይገናኛል፣ አለቀ። መለኪያውን ግን ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ ባለ 10 ኢንቹ በአራት ብሎን፣ ባለ 12 ኢንቹ በአምስት ብሎን ነው የሚታሰረው። ሲገዛ “ራሱን የሚያስተካክል” የሚባለውን ዓይነት ምረጡ። ያልሆነ እንደሆነ ሸራው በተበላ ቁጥር መኪና ሥር ገብቶ በእጅ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ከመጀመሪያው 300 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያም በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ገደማ። ይኼን ስንቱ ያደርገዋል? አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቅባቱ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ። ከኩሽኔታው በኩል ቅባቱን አፍኖ የሚይዘው ላስቲክ ተቀዶ ከሆነ እሱ ሳይለወጥ አዲሱም ፍሬን ይበላሻል።

ሁለተኛው ምርጫ ዲስክ ነው። ዲስክ ሲሞቅ ቶሎ አይዝልም፣ ውኃ ቢነካው ቶሎ ይደርቃል፣ ማጥበቅ አይፈልግም። ታምቡሮ ግን በረዥም ቁልቁለት ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይሸሻል። ፔዳሉን ብትረግጪም የሚይዘው ይቀንሳል። ታዲያ ዲስኩን ለምን ሁሉም ሰው አይገጥመውም? ዋጋው ነዋ! ዲስክ የሚሠራው በዘይት ግፊት ስለሆነ የኤሌክትሪኩን ትእዛዝ ወደ ዘይት ግፊት የሚለውጥ ፓምፕ፣ ቱቦና የሚስማማው መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። ከነመግጠሚያው ለሁለት አክስል ብዙ ጊዜ ከ2 ሺህ ዶላር ይበልጣል።

የኔ ፍርድ? ከባድ ትሬለር ይዞ በየወሩ ተራራ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ዲስክ ቢከፍልበት አይቆጨውም። እናንተ ግን ያገለገለ ትሬለር፣ የተወሰነ ገንዘብና በዓመት ሁለት ሦስት ጉዞ ነው ያላችሁ። አራቱንም ጎማ ባለ ሙሉ ዕቃ አዲስ ታምቡሮ ፍሬን አድርጉ። ሁለቱ አልቀዋል ተብሎ ሁለቱን ብቻ አትለውጡ። አንዱ ወገን ቶሎ፣ ሌላው ወገን ዘግይቶ ከያዘ ትሬለሩ ወደ ጎን ይጎትታችኋል። ከዚህ የሚተርፈው ገንዘብ ደግሞ የሚሄድበት ቦታ ሞልቶለታል።

መቆጣጠሪያውና ገመዱ

ብዙ ሰው ፍሬኑን ያድስና መቆጣጠሪያውን ይረሳል። ይኼ ከመሪው አጠገብ የሚገጠም ትንሽ ሳጥን ነው፤ ለትሬለሩ ምን ያህል ኤሌክትሪክ ይላክ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። አንዳንዱ አዲስ ፒክአፕ ከፋብሪካው ይዞት ይመጣል። ርካሹ ዓይነት በሰዓት የሚሠራ ነው፤ ቀስ ብለሽ ብትረግጪም በድንጋጤ ብትረግጪም አንድ ዓይነት ነው የሚሰጠው። ሌላው መኪናው ምን ያህል እየቆመ እንደሆነ እየለካ በዚያው ልክ ይልካል። ይኼኛውን ግዙ። የዋጋው ልዩነት ከአንድ ትልቅ ቴሌቪዥን አይበልጥም።

አስተካከሉም ቀላል ነው። ደረቅና ሜዳ በሆነ ባዶ ቦታ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዳችሁ የመኪናውን ፔዳል ሳትነኩ የመቆጣጠሪያውን የእጅ ማንሻ ብቻ ሙሉ በሙሉ ያዙት። ትሬለሩ መኪናውን ወደ ኋላ ጎትቶ ሲያቆመው ሊሰማችሁ ይገባል። ጎማው ተቆልፎ ከተንሸራተተ ኃይሉን ቀንሱ፤ ካልያዘ ጨምሩ። ልክ ሊቆለፍ ሲል ያለችው ቦታ ትክክለኛዋ ናት።

ሌላዋ ነገር ትንሽ ናት ግን ነፍስ ታድናለች። ትሬለሩ ከመኪናው ቢላቀቅ ተስባ የምትነቀል ገመድ አለች። ስትነቀል ከትሬለሩ ባትሪ ኤሌክትሪክ ትለቅና ፍሬኑን ታስይዘዋለች። ገመዷ ከመኪናው ጋር እንጂ ከሰንሰለቱ ጋር አትታሰርም። ሰንሰለቶቹም ከሥር ተመሳቅለው ነው የሚታሰሩት። አሁን ልብ በይ እህቴ፦ በብዙ ትሬለር ላይ ይቺ ገመድ ኤሌክትሪክ የምታገኘው መብራትና ራዲዮ ከሚያሠራው ከዚያው ከቤቱ ባትሪ ነው። ማታ ልጆቹ ካርቱን ሲያዩ አምሽተው ባትሪው ባዶውን ካደረ፣ ጠዋት ትሬለሩ ቢላቀቅ ገመዷ ምን ትልካለች? ስትሞክሯት ሶኬቱን ከመኪናው ነቅላችሁ ሞክሩ፤ ማግኔቱም እንዳይቃጠል፣ ባትሪውም እንዳያልቅ ቶሎ መልሷት።

ከፍሬን ቀጥሎስ?

አንደኛ ጎማ። የጎማ ጥርስ ማየት ብቻ አይበቃም። ጎን ላይ “ዶት” ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የትሬለር ጎማ ብዙ ጊዜ ቆሞ በፀሐይ ስለሚደርቅ፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ከአምስት ስድስት ዓመት በላይ አትመኑት። የሚፈቀድለትንም ፍጥነት እዩ፤ አንዳንዶቹ የተሠሩት በሰዓት ለ65 ማይል፣ ማለት ለ105 ኪሎ ሜትር ነው። (አዲስ አበባ ያላችሁ ወጣቶች፣ ይቺ የቁጥር ነገር ለእናንተም ናት። “አዲስ ነው” ተብሎ ያገለገለ ጎማ ሲሸጥላችሁ ጎኑን አንብቡ! ፋራ አትሁኑ!)

ሁለተኛ ኩሽኔታ። በዓመት አንዴ ወይም በ19 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ በመጣው፣ ተፈትቶ ታጥቦ አዲስ ግራሶ ይግባበት። ፍሬኑ ሲሠራ ታምቡሮው ስለሚወልቅ በአንድ የእጅ ዋጋ ሁለት ሥራ ታገኛላችሁ።

ሦስተኛ ሚዛን። በመጎተቻው ጫፍ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከትሬለሩ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን። ዕቃ ሁሉ ከኋላ ከተቆለለ ጫፉ ይቀልና ትሬለሩ እንደ ዓሣ ጅራት ይወዛወዛል። ክብደቱን ለመኪናው የፊትና የኋላ ጎማ የሚያካፍል፣ ውዝዋዜውንም የሚይዝ መጎተቻ አለ፤ ለእናንተ ትሬለር ከቴሌቪዥን ይቀድማል። ከተወዛወዘባችሁ ደግሞ የመኪናውን ፍሬን በድንጋጤ አትርገጡ። ቤንዚኑን ልቀቁና በእጅ ማንሻው የትሬለሩን ፍሬን ብቻ ያዙ፣ ይቃናል።

አራተኛ የጭስና የጋዝ ማስጠንቀቂያ። ከሰል አቀጣጥለው፣ በር ዘግተው ተኝተው በዚያው ስለቀሩ ሰዎች ያልሰማ ሐበሻ የለም። ጠባብ ቤት ውስጥ በጋዝ የሚነድ ማሞቂያም፣ አጠገብ የቆመ ጄኔሬተርም ያው ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል። ማስጠንቀቂያው ራሱ የዕድሜ ገደብ አለው። ጀርባውን አይታችሁ ካለፈበት ለውጡት። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ልጆችሽ የሚተኙት ግን እዚያ ውስጥ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ከተረፈ ሶላሩ ይቀጥል። ባትሪውን ስለሚሞላ ለዚያች ለነፍስ አድን ገመድም ይጠቅማል። ከዚያ ጥላው። ቴሌቪዥኑ መጨረሻ! ለነገሩ ዩታ ድረስ ሄዶ ያን ቀይ ተራራ ትቶ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ምን ይባላል?

እንዴት ልንገረው?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ባለቤትሽ የተቆጣው በፍሬኑ አይመስለኝም። እዚያ አገር ያለ ወንድ ብዙ ነገር እንደ አዲስ ነው የሚማረው፤ ቋንቋውን፣ ሥራውን፣ ሕጉን። “ይኼንንስ ከማንም በላይ አውቃለሁ” የሚለው አንድ ነገር ቢኖር መሪ መያዝ ነው። አንቺ ደግሞ ሳታስቢው እዚያች ላይ ነካሽው።

ስለዚህ አትከራከሪው። እሑድ ጠዋት “ትሬለሩን ባዶ ፓርኪንግ ወስደን ፍሬኑን አሳየኝ፣ ማንሻውን እኔም ልወቀው፣ አንተ ብትታመም የምነዳው እኔ ነኝ” በይው። እውነትም ነው፤ ማወቅ አለብሽ። እሱ ይንዳ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ማንሻውን ብቻ ይያዝ። ሁለት ጎማው ያለቀና ቅባት የጠጣ ትሬለር እንዴት እንደሚይዝ ራሱ ያየዋል። አንቺ ዝም በይ። “አላልኩህም?” እንዳትይ፣ በሞቴ! ሾፌር ነው፣ የሚገፋውን ነገር በወገቡ ያውቀዋል። ከዚያ የአየሩንና የኤሌክትሪኩን ልዩነት አንሺለት፣ የትኛው ዕቃ ይገዛ የሚለውን እሱ ይምረጥ። ጥብቅናውን ከሚስቱ ሳይሆን ከራሱ ሙያ ይስማው።

ቁልቁለቱን ደግሞ ከሱ በላይ የሚያወርድ የለም። “በወጣህበት ማርሽ ውረድ” የሚለው የድሮ ሾፌሮች ምክር እዚያም ይሠራል። ከዋሻው ሳይወጣ ማርሹን ይቀንስ፣ ሞተሩ ይያዝለት። ፍሬኑን ተደግፎ አይውረድ፤ ጠበቅ አድርጎ ይያዝ፣ ይልቀቅ፣ ይቀዝቅዝለት። አዲስ ፍሬን ቢገጠምም ይኼ አይቀርም። ይኼን አንቺ ልታስተምሪው አትችይም፣ እሱ ግን ሊያስተምርሽ ይችላል። እንዲያስተምርሽ ጠይቂው።

ይኼን ሁሉ አድርገሽ አሁንም “አይሆንም፣ ቴሌቪዥኑ ነው የሚቀድመው” ካለስ? ያኔ እህቴ፣ ለስለስ ብለሽ ግን ሳትንቀጠቀጪ “ፍሬኑ ሳይሠራ እኔም ልጆቼም አንሳፈርም” በይው። ለአንድ ሳምንት ያኮርፍ ይሆናል። የኩርፊያ ማምለጫ ብዙ ነው። በዚያ ተራራ ላይ ያለው ማምለጫ ግን ካለፉት የማይመለሱበት ነው። በሰላም ተመልሳችሁ ፎቶግራፍ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል፤ ባለቤትሽ መሪውን ይዞ።

ውድ አንባብያን፣ ለሳምንት እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!